የቆጣሪ አንባቢው ባት

ዋለ ዐርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የመብራት ቆጣሪ ማንበብ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቢሮ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተቀምጦ ሲጨርስ ያየው ባልደረባ የለም። ግማሹን ፉት ብሎ ይነሣል። ቤቱም ያው ነው፤ ምሳ ሲበላ አንድ እግሩ ወደ በሩ ዞሮ ነው። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን አስተናጋጅነት የሚያገለግለውም፣ ሚስቱ ገነቴ እንደምትለው ከሆነ፣ ስብከቱን በቁሙ ለመስማት ሲል ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ግራ ባቱን ሲያመው ማንም ሳያውቅ ሁለት ዓመት አለፈ። ሥራው ደበቀለት። ቆጣሪ አንባቢ ጥቂት ይሄድና በር ያንኳኳል፤ «ቆጣሪ» ይላል፤ ውሻው እስኪታሰር ይቆማል፤ ቁጥሩን ይመዘግባል፤ የቤቱን ሰው ደኅንነት ይጠይቃል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው በር። ሕመሙ ገና መጣሁ ሲል ዋለ በር ላይ ቆሟል። የሰፈሩ ሰው እንዲያውም «የዱሮው ዋለ እንደ ነፋስ ነበር የሚያልፈው፤ አሁን ሰው መጠየቅ ለመደ» እያለ ያመሰግነው ጀመር።

እርሱ ግን ያውቃል። መንገድ የሚለካው በመብራት ምሰሶ ነው፤ የሥራ ልማድ ሆኖበት። መጀመሪያ ላይ ባቱ ጠበቅ የሚለው ዐሥር ምሰሶ ያህል ከሄደ በኋላ ነበር። ከዚያ ስድስት ሆነ። ዘንድሮ ሦስት። ሦስተኛው ምሰሶ ሥር ሲደርስ የሆነ እጅ ባቱን እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጨምቀዋል። ሁለት ደቂቃ ሲቆም ይለቅቀዋል፣ ምንም እንዳልነበረ። ሦስት ምሰሶ ደግሞ ሲሄድ፣ ያው እጅ። ሰው እንኳ ቀጠሮ እንዲህ አያከብርም።

ለማንም ያልተናገረው በሁለት ምክንያት ነበር።

አንደኛው ታላቅ ወንድሙ ጠና ነው። ጠና ሞርሲቶ የሚኖር ገበሬ ነው። የእግሩ አውራ ጣት ላይ የወጣች ቁስል አልድን ብላ ጠቆረች፤ ሲቆይ ሲቆይ ሆስፒታል ሄደ፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ለጠያቂ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ጣቴን እዩልኝ ብዬ ነው የሄድኩት። ውሰዱት አላልኩም። በእግሬ ገብቼ በሰው ትከሻ ወጣሁ።» ዋለ ሞርሲቶ በሄደ ቁጥር ያንን የታጠፈና በመርፌ ቁልፍ የተያዘ የሱሪ እግር ላለማየት ጓሮ እየወጣ በእንሰቱ መካከል ይንጎራደዳል።

ሁለተኛው ሲጋራ ነው። በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ የለመደው ነው። ጌታን ሲቀበል ተወው፤ መተዉንም በጉባኤ ፊት መሰከረ፤ ሕዝቡ ሃሌ ሉያ አለለት። ከምስክርነቱ አራት ወር በኋላ ግን፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የፉአድ ሱቅ፣ የለስላሳ ሳጥን በተደረደረበት ጓዳ ውስጥ ቆሞ አንዲት ነጠላ ሲጋራ ለኮሰ። ያ ከሆነ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በቀን ስድስት፣ አንዳንዴ ሰባት። ፉአድ ጠይቆት አያውቅም። ሲጋራውን ሲያቀብለው ማስቲካ አብሮ ያስቀምጥለታል፤ ነገሩ በዚያ ያልቃል። ገነቴ ልብሱ ሲሸታት «የቢሮ ልጆች ናቸው፣ ምን ይደረግ» ይላታል። ታምነዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው የኖረች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ተማሪ ሲዋሽ ከበር ታውቃለች፤ ባሏን ግን አልጠረጠረችም።

ነገሩን ያወጣው የአቶ ዳኘ ቀብር ነው።

አቶ ዳኘ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነበሩ። አስከሬኑን ወንዶች እየተቀባበሉ ወደ መካነ መቃብር ሲወስዱ ለዋለም ተራ ደረሰውና በግራ በኩል ትከሻውን ሰጠ። መንገዱ ዳገት ነው። ገና በሁለተኛው ምሰሶ ባቱ ያዘው። ሬሣ ተሸክሞ ደግሞ ማን ይቆማል? ጥርሱን ነክሶ ዐሥር ርምጃ ያህል ጨመረ፤ እግሩ የእርሱ ያልሆነ ነገር መሰለው፤ ጉልበቱ ከዳው። ሳጥኑ ወደ እርሱ በኩል ዘንበል አለ። ከኋላው የነበረ ጎልማሳ ፈጥኖ ትከሻውን ባያስገባ ነውር ይሆን ነበር። ዋለ ከሰልፉ ወጣ፤ መንገድ ዳር ጎንበስ ብሎ ጫማውን እንደሚያስር ሰው ሆነ። ሕዝቡ በሙሉ እየዘመረ አለፈው። ሴቶቹም አለፉት።

ከቀብር ተመልሰው ቤት ሲገቡ ገነቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች።

«ጫማህን ስታስር አየሁህ» አለችው።

«ተፈትቶ ነው።»

«ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው ያደረግኸው።»

ዋለ ወደ ጫማው አየ። እውነትም የለውም። ሊነሣ ሲል ትከሻውን ይዛ መልሳ አስቀመጠችው። በዚያች ሰዓት ስለ ባቱ ነገራት፤ ስለ ምሰሶዎቹም። ሲጋራውን አላነሣም።

«ለሐሙስ ወረፋ አስይዝልሃለሁ» አለችው። «እኔ ፈተና አለብኝ፣ አልመጣም። ግን ትሄዳለህ።»

«ጠናን አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ለዚህ ነው የምትሄደው።»

እስከ ሐሙስ ያሉትን አራት ቀናት እንዴት እንዳሳለፋቸው እርሱ ያውቃል። እሑድ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑን ወንበሮች ሁለት ጊዜ አስተካከላቸው። ሰኞ ተራው ያልደረሰውን ሰፈር አንብቦ ተመለሰ። ማታ አልጋው ላይ ሆኖ በአንዱ እግሩ አውራ ጣት የሌላኛውን ይነካል፤ የግራው ቀዝቀዝ ያለ ይመስለዋል፤ ደግሞ ይነካዋል። ማክሰኞ ወደ ጠና ደወለ፤ ሊነግረው አስቦ ነበር፤ የዝናቡን ነገር ጠይቆ ዘጋው። የፉአድ ሱቅ ሲሄድ ስድስቷ ዘጠኝ ሆነች።

ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታሉ በሰው ተሞልቶ ነበር። ተመላላሽ ክፍል ያየው ወጣት ሐኪም የእግሩን ጀርባ በሁለት ጣቱ ተጭኖ ጥቂት ቆየና፣ «የግራው ትርታ ትንሽ ደከም ያለ መሰለኝ። በመሣሪያ ይለካ» ብሎ ወረቀት ጻፈለት። «አይወጉም፣ አይቀዱም፤ ብዙም አይፈጅም።»

ዋለ ወረቀቱን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። አንድ ጥበቃ «አባቴ፣ ወረፋው በመቀመጥ ነው» አለው። ተቀመጠ። ተነሣ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ ሄዶ አየ፤ ክዳኑ ተሰብሯል። ተመልሶ ሲቀመጥ ስሙ ተጠራ።

በሩን የከፈተችለት ነርስ ሐዳሳ ነበረች፤ የመዘምራኑ ሐዳሳ። እሑድ እሑድ በሩ ላይ ቆሞ እጇን ጨብጦ የሚያስገባት ልጅ።

«ጋሼ ዋለ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? ይግቡ፣ ይግቡ።»

በዚያች ቅጽበት ወጥቶ ቢሄድ ደስ ባለው። ግን ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ አልጋው ላይ ተጋደመ።

«መጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ ዝም ብለው ይተኛሉ» አለችው። «ደምዎ ይረጋጋ። ከዚያ የሁለቱን ክንድዎን ግፊት፣ ቀጥሎ የሁለቱን ቁርጭምጭሚትዎን እለካለሁ። በጤነኛ ሰው የእግሩ ግፊት ከክንዱ ብዙም አያንስም። በብዙ ካነሰ ደሙ መንገድ ላይ የጠበበ ቦታ ገጥሞታል ማለት ነው።»

«መርፌ የለውም?»

«መርፌ የለውም።»

ዐሥር ደቂቃ። ዋለ ዐሥር ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ የተኛበትን ቀን አያስታውስም። ጣሪያው ላይ ያሉትን የኮርኒስ ምስማሮች ቆጠረ። የእግሩ ጣቶች በራሳቸው ይጫወታሉ።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያሳርፉት።»

«ዐርፎ አያውቅም፣ ልጄ።»

ሐዳሳ ፈገግ ብላ ጠረጴዛዋ ላይ መጻፍ ጀመረች። «እየጠበቅን ልጠይቅዎ። ስንት ያህል ሲሄዱ ነው የሚያምዎ?»

«እ… ዳገት ስወጣ። አልፎ አልፎ።»

«ሜዳ ላይስ?»

«ሜዳ ላይ ምንም አይለኝ።»

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

ዋለ ምስማሮቹን መቁጠር አቆመ። «ዱሮ፣ ወታደር ቤት። ትቼዋለሁ።»

«አዎ፣ አውቃለሁ» አለች ሐዳሳ ከወረቀቱ ቀና ሳትል። «ሲመሰክሩ ልጅ ነበርኩ። እናቴ አሁንም ታነሣዋለች። አጎቴን ስትመክረው የእርስዎን ነው የምትነግረው።»

ምን ይበል? ምስማሮቹን እንደገና ከአንድ ጀመረ።

ዐሥሩ ደቂቃ ሲሞላ በክንዱና በቁርጭምጭሚቱ ላይ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ እየጠመጠመች ጀመረች። እግሩ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት አደረገችበትና ከእስክሪብቶ ወፈር የምትል መሣሪያ አስደገፈች። ከትንሿ ሳጥን ውስጥ ድምፅ ወጣ፦ ሹፍ፣ ሹፍ፣ ሹፍ። በእርጥብ ሣር ላይ የሚራመድ ሰው ይመስላል። «ይህ የደምዎ ድምፅ ነው» አለችው። ጨርቁን በአየር ስትነፋው ድምፁ ጠፋ፤ አየሩን ቀስ እያለች ስትለቅቀው ተመለሰ፤ የተመለሰበትን ቁጥር ጻፈች። ዋለ የሥራው ነገር ሆኖበት አንገቱን አስግጎ ቁጥሩን ለማየት ሞከረ። የቀኙ ጉልህ ነበር። የግራው ድምፅ ለስለስ ያለ፣ ከሩቅ የሚመጣ መሰለው፤ ግን አለ።

«ክንድዎ መቶ አርባ፤ ቀኝ እግርዎ መቶ ሠላሳ ስምንት፤ ግራዎ መቶ ሃያ ስምንት» አለች። የእግሩን ለክንዱ በስልኳ አካፈለችው። «የግራው ዜሮ ነጥብ ዘጠና አንድ። የምንሰጋው ከዘጠና በታች ሲወርድ ነው። ጠርዝ ላይ ነው፤ ቢሆንም አልወረደም። እንዳሉኝ ሕመሙም አልፎ አልፎ ከሆነ… ከምሳ በኋላ ለሐኪሙ ያሳዩት።»

ዋለ ጫማውን በምን ፍጥነት እንዳደረገ ለራሱም አልታወቀው። «ተባረኪ» ብሏት ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ወጣ። ሐኪሙን አልጠበቀም። ምን ሊያደርግለት? ወረቀቱ ደኅና ነህ ብሎታል። ለገነቴ ያሳያታል፤ ያልቃል።

ከሆስፒታሉ በር ወደ ዋናው መንገድ በፈጣን እርምጃ ሄደ። ባጃጅ አልያዘም፤ እግሩ ደኅና መሆኑን ለራሱ ሊያሳይ ፈልጎ። አንድ ምሰሶ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ፣ ያ እጅ መጣና ባቱን ጨመቀው። ዋለ ቆሞ የተለጠፈ የኪራይ ቤት ማስታወቂያ አነበበ። ሁለት ደቂቃ። ሄደ። ሦስት ምሰሶ፤ የስልክ መለዋወጫ የሚሸጥበት ቤት። ቆመ። የመስታወቱን ውስጥ አየ፤ ምን እንዳየ አያውቅም። ደግሞ ሄደ። ሦስተኛው ማቆሚያው ላይ አንድ ሱቅ በር ነበርና አንዲት ነጠላ ገዝቶ ለኮሰ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በአደባባይ፣ ሰው ያየኛል ሳይል።

መቶ ሃያ ስምንት። ቁጥሩ ከአእምሮው አልወጣ አለ።

ዋለ ቁጥር ያነበበ ሰው ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የሰው ቤት ገብቶ ያየውን አንድ ነገር አስታወሰ፤ አንባቢው በር ሲያንኳኳ ዋናውን ማብሪያ አጥፍተው የሚከፍቱ ሰዎች አሉ። ቆጣሪው ቆሟል። ዲስኩ አይዞርም። «ይኸው፣ ምን አለን?» ይላሉ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ምንም ባልበራበት ቤት ቆጣሪ አይዞርም። ስለዚህ ዋለ «እስኪ ዋናውን መልሱና የኤሌክትሪክ ምድጃውን አብሩ» ይላቸዋል። ያኔ ነው የሚታየው።

ሐዳሳ እግሩን የለካችው ተኝቶ ነው። ዐሥር ደቂቃ አሳርፋ። ስንት ትሄዳለህ ብትለው ደግሞ ዋሽቷታል።

ሲጋራውን ግማሹን ሳይጨርስ ጣለው። ወደ ቤት ሊሄድ ሁለት ርምጃ ተራመደ፤ ቆመ። ወደ ሆስፒታሉ ዞረ፤ ደግሞ ቆመ። የጠና የሱሪ እግር ፊቱ ላይ መጣ። አንድ ባጃጅ ነጂ «ወዴት ነው፣ አባት?» አለው። ዋለ የኪሱን ወረቀት በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ ገባና «ሆስፒታል» አለ።

ሐዳሳ ክፍሏን ልትዘጋ ቁልፍ በእጇ ይዛ ነበር።

«ረሱ እንዴ የሆነ ነገር?»

«ረስቻለሁ» አለ ዋለ። በሩን ከኋላው ዘጋው። «ሦስት ምሰሶ ነው።»

«ምኑ?»

«ሦስት የመብራት ምሰሶ ስሄድ ያመኛል። ሜዳ ላይም። ሁልጊዜ። ሁለት ዓመት ሆኖኛል።» ትንፋሽ ወሰደ። «ሲጋራም አጨሳለሁ። አሁን እንኳ አጭሼ ነው የመጣሁት። ያኔ የመሰከርኩት… አራት ወር ነው የቆየው።»

በሐዳሳ ፊት ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ዋለ ምን እንደሆነ ሊያነብ ሞክሮ አልቻለም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ቀድመው ቢነግሩኝ ሌላ መለኪያ ነበር፤ ከሄዱ በኋላ የሚለካ» አለች።

«ምድጃውን ሳናበራ ነው ያነበብነው» አለ ዋለ። አልገባትም፤ እርሱም አላብራራም።

ሕመምተኛ በአልጋ ተገፍቶ ወደ ላይኛው ፎቅ ወደሚወጣበት ተዳፋት ወሰደችው። «በልማድዎ አካሄድ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሱ። ሲጀምርዎ ይንገሩኝ፤ ግን ወዲያው አይቁሙ።» ስልኳ ላይ ሰዓት ከፈተች። ዋለ መሄድ ጀመረ። ሰው ሆን ብሎ አካሄዱን ሲያየው በሕይወቱ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ማስታወቂያ የሚያነብበት፣ በር የሚያንኳኳበት፣ ጫማ የሚያስርበት ቦታ የለም። አስታማሚዎች ግድግዳ ተደግፈው ያዩታል።

«ጀመረኝ» አለ በሁለተኛው ዙር።

«ይሂዱ።»

«ያዘኝ።»

«ትንሽ ይጨምሩ።»

ሲያነክስ ክንዱን ይዛ እንደ መሮጥ እያለች ወደ አልጋው መለሰችው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጨርቁን ጠቀለለች፤ መሣሪያዋን አስደገፈች። ሳጥኗ ዝም አለች። ሐዳሳ መሣሪያዋን ወደ ግራ አደረገች፣ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ላይ። ያ በሣር ላይ የሚራመደው ሰው ሄዶ ነበር። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ቀጭን ሹክሹክታ ተሰማ።

«ሰማንያ ስምንት» አለች። ክንዱን ለካች። «መቶ ስልሳ።» አካፈለችው። «ዜሮ ነጥብ ሃምሳ አምስት ነው፣ ጋሼ።»

ዋለ የሚፈራውን ቁጥር ሰማ። የሚገርመው፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ቀልሎት አያውቅም። ወዲያው ደግሞ ጠና ትዝ አለው።

«ይቆረጣል?»

«የሚቆረጥ ነገር የለም። ቁስል የለብዎትም፤ ተቀምጠው አያምዎትም። ወደ ባትዎ የሚወርደው ደም ሥር ጠቦ ነው። ሲያርፉ የሚደርሰው ደም ይበቃዋል፤ ሲሄዱ ግን ጡንቻው ብዙ ይፈልጋል፣ አያገኝም። ሕመሙ እርሱ ነው።» ቅባቱን በወረቀት ጠረገችለት። «ያጠበበው አብዛኛው ሲጋራው ይመስለኛል። ሐኪሙ ክኒን ያዝልዎታል። ሲጋራውን ካላቆሙ ግን ክኒኑ ብቻውን አይሆንም። እግርዎን ደግሞ በየቀኑ ይዩት፤ ትንሽ ቁስል ካዩ ሳያድሩ ይምጡ። እና ይሂዱ።»

«የት?»

«በእግርዎ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት። እስኪያምዎ ይሂዱ፣ ሲያምዎ ይቁሙ፣ ሲለቅቅዎ ደግሞ ይሂዱ። ደሙ ቀስ በቀስ ሌላ ትንንሽ መንገድ ያበጃል።»

«ወንድሜ ጠና ጣቱ ጠቁሮ አንድ እግሩ ተቆረጠ…»

«የእርሳቸውን አላየሁም» አለች ሐዳሳ። «ጣታቸው ሳይጠቁር ቢለካ ኖሮ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር፤ ላይሆንም ይችላል። አንድ እግር ቀርቷቸዋል አይደል? እርሱን ያምጡልኝ።»

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዘወር አለ። «ለእናትሽ…»

«እዚህ ክፍል ውስጥ የሰማሁት እዚሁ ይቀራል። ሥራዬ ነው» አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «አጎቴም አላቆመም» አለች።

ገነቴ የፈተና ወረቀት እያረመች ደረሰ። ሁለቱን ቁጥሮች ነገራት፤ ክኒኖቹን አሳያት። ከዚያ ቆሞ፣ ወንበሩን ይዞ፣ የቀረውን ነገራት። ስለ ምስክርነቱ፣ ስለ ፉአድ ጓዳ፣ ስለ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ትጮህብኛለች ብሎ ነበር። ገነቴ ቀይ እስክሪብቶዋን ከደነች።

«የቢሮ ልጆች ናቸው ስትለኝ» አለች፣ «ስጸልይላቸው ነበር። በስም እየጠራሁ።»

ሌላ አልተናገረችም። ሦስት ቀን አልተናገረችም። ምግቡን ታቀርባለች፤ ክኒኑን ከውሃ ጋር ታስቀምጣለች። ዋለ ያለ ሲጋራ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። የአጥሩን ቆርቆሮ መታ፤ ያልላላውን ምስማር ሳይቀር መታው። ሌሊት በላብ ተጠምቆ ይነሣል። በሁለተኛው ቀን እግሩ ሳያስበው ወደ መናኸሪያው ጀርባ ወሰደው፤ ፉአድ ግን ሲያየው እጁን ከመደርደሪያው ላይ አነሣ።

«ጋሽ ዋለ፣ መምህርት ገነቴ መጥታ ነበር» አለው በሐዘን። «አልተቆጣችኝም። ቁጭ አለችና ስንት ዓመት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከዚህ በኋላ ማስቲካ ብቻ ነው የምሰጥህ፤ ይቅር በለኝ።»

በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ዋለ ለግማሽ ሰዓቱ ሊወጣ ሲል ገነቴ ሸማዋን ጣል አድርጋ ከኋላው ወጣች። ጎን ለጎን ሄዱ። ጎህ ቀዷል፤ ወደ ፎንቆ ገበያ የሚሄዱ ጭነት መኪኖች አቧራ እያለበሷቸው ያልፋሉ። ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ዋለ ቆመ። ገነቴም ቆመች።

«አሁን ነው?» አለችው። ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«አሁን ነው።»

ጎንበስ ብላ በመዳፏ ባቱን ያዘችው። ጠጥሯል። እስኪለቅቀው ድረስ ያዘችው።

«ከፉአድ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሐዳሳ። አሁን ደግሞ አንቺ።»

«እኔ ሦስተኛ።»

ዋለ ከሆስፒታሉ ሲወጣ በአደባባይ ያጨሳትን ያቺን ግማሽ ሲጋራ ነገራት፤ አላስፈለገም ነበር፤ ግን ነገራት። ገነቴ ሰማችው። «ጉባኤው ፊት ቆመህ ትናገረዋለህ?» አለችው።

«አላውቅም» አለ ዋለ። «ገና አላውቅም።»

«እሺ። ለቀቀህ?»

«ለቀቀኝ።»

ሄዱ።

በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ተሸንፎ ሁለት አጨሰ፤ ከሌላ ሱቅ ገዝቶ። በዚያው ዕለት ለገነቴ ነገራት፤ ከዚያ ወዲህ አልነካም። ጠና በስልክ ሁሉንም ሰምቶ፣ «ሳይወጉ ነው ያልከኝ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀና «ከአዝመራ በኋላ» አለ፤ አዝመራው አለፈ፤ ጠና ግን አሁንም አልመጣም፤ ዋለ በየሳምንቱ ይደውልለታል። በሦስተኛው ወር ሐዳሳ ተዳፋቱ ላይ አመላልሳ ስትለካው ቁጥሩ ዜሮ ነጥብ ስልሳ ስምንት ሆነ። «ብዙ አይደለም» አለችው፤ «ግን ወደ ላይ ነው።» ዋለ ቁጥሩን በራሱ እጅ በንባብ ደብተሩ ጀርባ ላይ ጽፎ፣ ቦርሳውን አንግቶ ወደ ጎፈር ሜዳ ሄደ፤ የዚያ ሰፈር ቆጣሪ የሚነበበው በዚያ ቀን ነበር።